የሽማግሌው ዓይን የቡዳ ዓይን አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ጀማሪ የፊልም ሠሪዎች የቆዩ አስፈሪ ታሪኮችን ወደ አጭር የሙከራ ፊልም እንዲቀይሩ የሚያበረታታ ጽሑፍ አንብበናል። ሐሳቡን እንደግፋለን። ለምሳሌነት የተመረጠው የአሜሪካዊው ደራሲ የኤድጋር አለን ፖ «አሳባቂው ልብ»ም ጥሩ ምርጫ ነው፤ አንድ ቤት፣ ጥቂት ሰው፣ አንድ ፋኖስ ይበቃዋል። ሆኖም ጽሑፉ ታሪኩን የእኛ ለማድረግ የሽማግሌውን ዓይን የቡዳ ዓይን አድርጉት ብሎ መምከሩ ታሪኩን ከሥሩ የሚነቅል ስሕተት ነው። ዝም ብለን ብናልፈው ምክሩን ይዘው ወደ ቀረጻ የሚገቡ ወጣቶች ይኖራሉ ብለን ሠጋን። ይህን ደብዳቤ የጻፍነውም ለዚሁ ነው፤ እግረ መንገዳችንንም ሥራው የት የት ላይ እንደሚሰናከል እንናገራለን።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1843 የታተመ፣ በእንግሊዝኛው ከሁለት ሺህ ቃል ጥቂት የሚበልጥ ሥራ ነው። ተራኪው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይኖራል። ሽማግሌው በድለውት አያውቁም፣ ሰድበውት አያውቁም፣ ገንዘባቸውንም አልፈለገም፤ እንደሚወዳቸው በገዛ አፉ ይናገራል። ዕረፍት የነሣው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው፦ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ሞራ የጋረደው፣ የጥንብ አንሣ ዓይን የሚመስል። ሰባት ሌሊት በእኩለ ሌሊት በራቸውን ከፍቶ በፋኖስ አንዲት ቀጭን ጨረር ዓይናቸው ላይ ያሳርፋል፤ ዓይኑ ግን ተከድኗል። በስምንተኛው ሌሊት አውራ ጣቱ በፋኖሱ መዝጊያ ላይ ሲያዳልጠው ሽማግሌው ይነቃሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። ከዚያ ጨረሩ በተገለጠው ዓይን ላይ ያርፋል፣ የልባቸውን ምት ይሰማል፣ ይገድላቸዋል፣ ሦስት የወለል ጣውላ አንሥቶ ይቀብራቸዋል። ፖሊሶች መጥተው አጠገቡ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ያው ምት ከወለሉ ሥር ይሰማዋል፤ እሱም እየጮኸ ይናዘዛል።

ፖ ያንን ዓይን በአንድ ቦታ «ክፉ ዓይን» ስለሚለው የዓምዱ ጸሐፊ ወደ ቡዳ መሄዳቸው አይገርምም። ግን እንዲህ የሚለው ማን ነው? ገዳዩ ነው። ዓይኑ በማንም ላይ ምንም አላደረገም። ዛሬ ሐኪም በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚገፍፈው የዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም። ክፋቱ ያለው በሚያየው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ታሪኩ የሚያስፈራውም ስለዚህ ነው። ዓይኑን ቡዳ ካደረግነው ሽማግሌው ጥፋተኛ ይሆናሉ፣ ገዳዩም ራሱን የተከላከለ ሰው ይሆናል። ከዚያ በኋላ የልቡ ምት ለምን ያሳብዳል? የሚያሳብድ ነገር አይቀርም።

ከዚህ የከፋም አለ። በአገራችን ቡዳ መባል የጨዋታ ስም አልነበረም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው በዚህ ስም ከጎረቤት ማዕድ ርቀዋል፣ ከጋብቻ ተከልክለዋል። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በዚሁ ስም የደረሰባቸውን ዛሬ በእስራኤል ያሉ ሽማግሌዎቻቸው ይናገራሉ። ዓይኑ እውነትም ቡዳ ነው የሚል ፊልም ያንን ሁሉ ያደረሰው ሰው አልተሳሳተም እያለ ነው። ቃሉ የግድ ይግባ ከተባለ በገዳዩ አፍ ብቻ ይግባ፤ ምስሉ ደግሞ ሁልጊዜ ይቃወመው። ዓይኑ ሲታይ ማስፈራሪያ ሙዚቃ አይደረግ፣ አይብራ፣ ቀለሙ አይለወጥ። የታመመ ዓይን ሆኖ ይታይ።

ዓይኑን በቅርብ ማሳየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ባለቀለም ኮንታክት ሌንስ ነው። አንመክርም፤ ያለ ሐኪም ልክ የተገዛ ወይም ከተዋናይ ወደ ተዋናይ የሚዞር ሌንስ የዓይን ብሌንን ይቧጭራል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። ለቅርብ ሾት ፈዛዛ ሰማያዊ የመስታወት ብይ በቂ ነው። ከእንቁላል ቅርፊት ውስጠኛው ክፍል ስስ ሽፋኑን ቀስ ብሎ መላጥ፣ እርጥብ እንዳለ ብዩ ላይ መለጠፍ፣ ላዩን በግሊሰሪን ማበስ። ሽፋኑ በጥቂት ደቂቃ ደርቆ ስለሚጨማደድ ብርሃኑና ካሜራው አስቀድመው መዘጋጀት አለባቸው። ከዚህ የሚሻለው ግን ዓይኑን ጨርሶ አለማሳየት ነው ባዮች ነን። ጨረሩ በግንባር መስመሮች፣ በአፍንጫ፣ በጉንጭ ላይ እየተሳበ ሄዶ ዓይኑ ጋ ሊደርስ ሲል ይቆረጥ።

አሁን አማርኛ ለዚህ ታሪክ በነጻ የሚሰጠውን እንመልከት፤ የዓምዱ ጸሐፊ ወደ ቡዳ ሲሮጡ ያለፉት ይህንን ነው። በታሪኩ ውስጥ ገዳዩ ከየሌሊቱ ጉብኝት በኋላ በማለዳ ወደ ሽማግሌው ክፍል በድፍረት ገብቶ፣ በስማቸው ጠርቶ፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፉ በሞቀ ድምፅ ይጠይቃቸዋል። እንግሊዝኛው ይህን ለመንገር ዐረፍተ ነገር ያስፈልገዋል። በእኛ ቋንቋ ግን ሰላምታው ራሱ ይኸው ነው፦ «እንዴት አደሩ?» ሌሊቱን በራፋቸው ላይ ሲያደባ ያደረ ሰው «እንዴት አደሩ?» ይላል። ሽማግሌው ደግሞ እንደ ደንቡ ይመልሳሉ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ እንዴት አደርክ?» ይህን ጥያቄ ፖ አልጻፈውም፤ ቋንቋችን ነው የጨመረው። ከማንኛውም ጥንቆላ የበለጠ የሚያስፈራው ይህ ነው።

ስለዚህ ፊልሙን በሰላምታው መገንባት ይቻላል። ሰባት ማለዳ፣ ያው በር፣ ያው የካሜራ ቦታ፣ ያው ሁለት ዐረፍተ ነገር። የመጀመሪያው ማለዳ ሙሉውን ይሰማ፣ ወደ 8 ሰከንድ ይውሰድ። ቀጣዮቹ እያጠሩ ይሂዱ፤ ሰባተኛው ላይ «…አደርክ?» የምትለዋ ቃል ብቻ፣ አንድ ሰከንድ ያህል ትቅር። ሰባቱም በአንድ ቀን ስለሚቀረጹ ካሜራው በትራይፖድ ላይ ሆኖ እግሮቹ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግባቸው፤ በሁለት ጣት እንኳ ቢንሸራተት ምስሎቹ ሲቀጣጠሉ ይዘላሉ። የጠዋት ፀሐይ ደግሞ አይጠብቅም፤ ከሰላሳ ደቂቃ በኋላ ጥላው ሌላ ቦታ ነው። መስኮቱን በነጭ ነጠላ ጋርዶ ከውጭ መብራት ማብራት ይሻላል።

የሌሊቱ ብርሃን አንድ ጨረር ነው፤ ፖ ከሸረሪት ድር ክር ጋር ያመሳስለዋል። ይህን በተራ የእጅ ባትሪ ማግኘት አይቻልም፤ ባትሪው ፊት የተሰነጠቀ ካርቶን ብቻ ቢደረግም ብርሃኑ ተበትኖ ግድግዳውን ያጥበዋል። ሁለት ስንጥቅ ያስፈልጋል። ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጡን ጥቁር ወረቀት መልበስ፤ ካልለበሰ ቆርቆሮው ብርሃኑን እያንጸባረቀ ይበትነዋል። ጠንካራ ኤልኢዲ ባትሪ ከታች ገብቶ በአንዱ ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ ያለው ጥቁር ካርቶን፣ ከእሱ 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ በሌላው ጫፍ ትክክል አንጻሩ ሌላ ተመሳሳይ ስንጥቅ። በ2 ሜትር ርቀት ሁለት ጣት ያህል ስፋት ያለው መስመር ይሰጣል። ሁለቱ ስንጥቆች ካልተገናኙ ምንም ብርሃን አይወጣም፤ እንግዲህ መጀመሪያ በጨለማ ክፍል ነጭ ግድግዳ ላይ አስተካክሎ በፕላስተር ማሰር ነው።

ጨረር በባዶ አየር ውስጥ አይታይም፤ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። የጭስ ማሽን መከራየት ለማይችል ዕጣን አለ። ሦስት በአራት ለሆነ ክፍል ትንሽ ቁንጥር ይበቃል፤ በሰፌድ ቀስ ብሎ አራግቦ ሁለት ሦስት ደቂቃ እስኪዳረስ መጠበቅ። ሲበዛ ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና ሌሊቱ ይጠፋል። ካሜራው ደግሞ ከፋኖሱ ጎን መቆም የለበትም፤ ጭስ ብርሃኑን በብዛት የሚልከው ወደፊት ስለሆነ ጨረሩ ወደ ካሜራው አቅጣጫ ትንሽ ገደድ ብሎ ሲመጣ ነው የሚደምቀው። የጭሱ መጠን ከሾት ሾት ስለሚለያይ የጨረር ሾቶች ሁሉ በአንድ ተከታታይ ጊዜ ይቀረጹ። ማሳሰቢያ፦ በተዘጋ ክፍል የተቀጣጠለ ከሰል ይገድላል። ዕጣኑ እንደጨሰ ማጨሻው ወደ ውጭ ይውጣ፣ በየሩብ ሰዓቱም መስኮት ይከፈት።

ካሜራው ስልክም ሆነ ትልቅ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሹተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ይሁን። በአገራችን ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ከዚህ ጋር በማይስማማ ሹተር ሲቀረጽ ግድግዳው ላይ የሚንሸራተት ጥቁር መስመር ይመጣል፣ በኋላም አይጠፋም። ስልክ ላይ ፎከሱና ኤክስፖዠሩ (የሚገባው የብርሃን መጠን) ይቆለፍ፤ አለዚያ ጨረሩ ዓይን ላይ ባረፈ ቁጥር ምስሉ ሁሉ ይጨልማል፣ ሲሸሽ ይደምቃል፣ ሌሊቱም እንደሚተነፍስ ነገር ይሆናል። ጨለማን በጨለማ መቅረጽም ሌላው ስሕተት ነው። ካሜራው ብርሃን ሲያንሰው ጥቁሩ ቦታ በነጠብጣብ ይሞላል፣ ኢንተርኔት ላይ ሲጫን ደግሞ ነጠብጣቡ ወደ ካሬ ካሬ ይለወጣል። ጥላውን የሚያሳሳ ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ጨምሮ ከሚፈለገው አንድ ደረጃ አብርቶ ቀርጾ በኤዲቲንግ ማጨለም ነው ደንቡ።

የሙከራ ፊልም ማለት ምን እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. 1928 ላይ ቆም ማለት ይጠቅማል። በዚያ ዓመት የፖን ሌላ ታሪክ፣ የአሸር ቤት መፍረስን፣ ሁለት ወገን ሠራው። በአሜሪካ ሮቼስተር ከተማ ጄምስ ሲብሊ ዋትሰንና ሜልቪል ዌበር 13 ደቂቃ ያህል የሚረዝም ድምፅ አልባ ፊልም ሠሩ። ዋትሰን የሕክምና ትምህርት የተማረ ሰው ነበር። ቤቱን አልገነቡም፤ በካርቶንና በወረቀት ቅርጾች፣ ብርሃን በሚሰብር መስታወት (ፕሪዝም) እና አንዱን ፊልም መልሶ ደጋግሞ ለብርሃን በማጋለጥ ፈጠሩት። የሚሰማው ነገር ሲመጣ ፊደላት በምስሉ ላይ እየተንሳፈፉ ድምፁን ይጽፋሉ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ማን ማን እንደሆነ ይጠፋዋል፣ ፍርሃቱ ግን አይጠፋውም። በፈረንሳይ ደግሞ ዣን ኤፕስታይን ያንኑ ታሪክ ከአንድ ሰዓት በላይ አድርጎ ሠራው። ፖ ጋ መንታ እኅት የነበረችውን ሚስት አደረጋት፣ ከሌላ የፖ ታሪክም ቀላቀለበት፤ ዋና መሣሪያው ዝግታ ነበር፤ መጋረጃ፣ ፀጉር፣ ቅጠል ከተፈጥሯቸው ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ።

ከሁለቱ የምንማረው እያንዳንዱ ወገን አንድ መሣሪያ መርጦ እስከ መጨረሻው መሄዱን ነው። የጀማሪ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ፕሪዝሙንም፣ ዝግታውንም፣ ድርቡንም ምስል፣ ጥቁርና ነጩንም በ7 ደቂቃ ውስጥ ስለሚያጭቅ ነው። «አሳባቂው ልብ» ከስሙ ጀምሮ የጆሮ ታሪክ ነው። መሣሪያው ድምፅ ይሁን፤ ምስሉ ይታዘዝለት።

ፕሪዝም የግድ ለሚል ሰው ባጭሩ፦ የሦስት ማዕዘን መስታወቱ ከሌንሱ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) ሰፊ፣ f/2 ወይም f/2.8፣ ይሁን፤ ከጠበበ የመስታወቱ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታያል። ለድርብ ምስል ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ምስል ሊያርፍ የሚችለው የመጀመሪያው ጥቁር በሆነበት ቦታ ብቻ ነው። ነጭ ግድግዳ ላይ ፊት መደረብ የሚሞክር ሰው ፊቱን ያጣዋል።

ወደ ድምፁ እንምጣ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሠራ በቅድሚያ የሚያደርገው ከኢንተርኔት የልብ ምት ማውረድ ነው። በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙት ደረት ይመታል። ፊልሙ ስልክ ላይ ሲከፈት ግን ምንም የለም። የልብ ድምፅ አብዛኛው ጉልበቱ ከ20 እስከ 150 ኸርዝ ባለው ዝቅተኛ ክልል ነው፤ ትንሿ የስልክ ድምፅ ማጉያ ያንን ክልል ማውጣት አትችልም። የእኛ ተመልካች ደግሞ አጭር ፊልም የሚያየው በስልክ ነው። ገዳዩ ሲጮህ ያያል፣ የሚያስጮኸውን አይሰማም።

መፍትሔው እዚያው ታሪኩ ውስጥ ተቀምጧል። ፖ የልቡን ድምፅ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሌሊቱ ክፍል፣ አንዴም በፖሊሶቹ ፊት፣ በጥጥ የተጠቀለለ ሰዓት ከሚያሰማው ዝቅ ያለ፣ የታፈነ፣ ፈጣን ድምፅ ጋር ያመሳስለዋል። ለድምፅ ባለሙያ ይህ የሥራ ትእዛዝ ነው። በሰከንድ አንዴ ቀጭ የሚል ተራ ባለባትሪ የግድግዳ ሰዓትና የተነደፈ ጥጥ ያስፈልጋል። ሰዓቱን ጠረጴዛ ጨርቅ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ክፍተት ባለው ደረቅ ጣውላ ላይ ማስተኛት፤ ጣውላው ሲያስተጋባ ድምፁ አካል ያገኛል፣ ከወለል ሥር የመጣም ይመስላል። ማይክራፎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ይጠጋ። አራት ጊዜ አንድ አንድ ደቂቃ መቅዳት፦ ያለ ጥጥ፣ በአንድ ስስ ጥጥ፣ ሁለት ጣት በሚወፍር ጥጥ፣ አራት ጣት በሚወፍር ጥጥ። ጥጡ ከላይ ያለውን ስለታም ድምፅ ስለሚበላ ሰዓቱ እየደነዘዘ ይሄዳል። ኤዲቲንግ ላይ በአራት ጣት ጥጥ ተጀምሮ እየተገፈፈ መጥቶ መጨረሻ ላይ እርቃኑን ይውጣ። ልቡ እየቀረበ የሚመጣው በዚህ ነው፤ ድምፅ መጨመር ብቻ ከሆነ ተመልካቹ ስልኩን ይቀንሳል እንጂ አይፈራም። ስለታሙ ድምፅ በትንሹ ድምፅ ማጉያም ይሰማል፤ እውነተኛው ዝቅተኛ ምት ከሥሩ ቢነጠፍ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ሰውም አይጎዳም።

ሲቀዳ ፍሪጁ ይነቀል፣ ኢንቨርተር ካለ ይጥፋ። ስልክ የሚጠቀም ሰው ራሱ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን አሠራር የሚያጠፋ መተግበሪያ ይፈልግ፤ አለዚያ በሁለት ቀጭታ መሐል ያለውን ጸጥታ ስልኩ እያጎላ ሹሹታ ያስገባበታል። ቅጂው በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ይሁን፤ የድምፁ ከፍተኛ ጫፍም በመለኪያው ላይ ከ-12 ዲሲቤል አይለፍ። በሰከንድ 5፣ 6 ወይም 8 ጊዜ የሚመታ የእጅ ሰዓት ማግኘት ከተቻለ እሱንም ለብቻው መቅዳት ጥሩ ነው፤ «ፈጣን» የሚለው ከዚያ ነው፣ በጣም ዝቅ ብሎ ከጀርባ ይግባ።

ቀጥሎ ፍጥነቱ። የተቀዳውን የልብ ምት በኤዲቲንግ ማፋጠን የተለመደ ስሕተት ነው፤ ድምፁ እየቀጠነ ከበሮ ይሆናል። እያንዳንዱ ምት ተቆርጦ በእጅ ይደርደር። በ25 ፍሬም ቆጠራው ቀላል ነው፤ 1500ን በደቂቃ ምት ቁጥር ማካፈል። 60 ምት በየ25 ፍሬሙ፣ 75 በየ20፣ 100 በየ15፣ 125 በየ12፣ 150 በየ10 ፍሬሙ ይመታል። ከ25 ወደ 20 በአንዴ ከተዘለለ ጆሮ መቆራረጡን ይይዘዋል፤ በየአራት ምቱ አንድ ፍሬም እየቀነሱ መውረድ ነው። ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። ልብ ሁለት ድምፅ አለው። ልብ ሲፈጥን በይበልጥ የሚያጥረው ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ ያለው ዕረፍት ነው እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው አይደለም። በ60 ምት ሁለቱ ድምፆች 8 ፍሬም ያህል ይራራቃሉ፣ ከዚያ 17 ፍሬም ዝም። በ150 ምት ግን 5 እና 5 ይሆናል። ዕረፍቱ ሲጠፋ የሰሚው ትንፋሽም አብሮ ያጥራል።

በፖሊሶቹ ትዕይንት ላይ ሦስት ድምፅ አለ፦ ወሬያቸው፣ ገዳዩ ወለሉ ላይ የሚያፋጨው ወንበር፣ ልቡ። ብዙዎች ልቡ ሲጎላ ወሬውን ያደበዝዛሉ። አይደብዝዝ። ፖሊሶቹ ምንም አልሰሙም፤ ደስ ብሏቸው ይጨዋወታሉ። ወሬያቸው ባለበት ከፍታ ሳይናወጥ መቀጠሉ ነው ሰውዬውን የሚያሳብደው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ የሚቆምበትን ክፍል በአንድ ሾት፣ ሳይቆረጥ፣ ቢያንስ 60 ሰከንድ እንዲቆይ እንመክራለን። ዝግታ ለመጠቀም የሚፈተን ሰው የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለ ዝግታ እንደማይታይ ይወቅ። የሚንቀሳቀሰው ጭሱ ነው። በሰከንድ 50 ፍሬም፣ በ1/100 ሹተር ተቀርጾ በ25 ይጫወት፤ ብርሃኑም እጥፍ ይሁን። በ25 የተቀረጸን በኤዲቲንግ ማዘግየት ፍሬም ስለሚደግም ጭሱን ያንገጫግጨዋል። የዚህ ሾት ድምፅ የክፍሉ ጸጥታ ብቻ ነው፤ በቀረጻው ቦታ፣ ሁሉም ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ ሁለት ደቂቃ ይቀዳ። ፖ በግድግዳ ውስጥ እንጨት የሚበሉ ጥንዚዛዎችን ቀጭታም ያነሣል፤ ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያንን ድምፅ ለማስታወስ አይቸገርም።

የሰዓት ትርጉም ላይም እንጠንቀቅ። እኩለ ሌሊቱ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ፖሊሶቹ የሚመጡበትም ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንጂ 4 ሰዓት አይደለም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰዓት ከተነገረው ጋር ካልገጠመ ተመልካች ይይዘዋል። ቀረጻው በእውነቱ ሌሊት የሚካሄድ ከሆነ ወደ ንጋት ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ የሚመጣው ድምፅ ማጉያ በየሾቱ ስለሚገባና ስለማይገጣጠም ንግግር ያለባቸው ሾቶች ከዚያ በፊት ይለቁ።

ስለ መብት ጥቂት። ፖ እ.ኤ.አ. በ1849 አርፏል፤ ታሪኩ ነጻ ነው። የታተመ የአማርኛ ትርጉም ግን የተርጓሚው ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃው ደራሲው እስካለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ለተርጓሚም እንደዚያው። ወይ ማስፈቀድ፣ ወይ ራስ መተርጎም ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የጀርመኑ ፊልም «ኖስፌራቱ» የብራም ስቶከርን ልብ ወለድ «ድራኩላ»ን ሳያስፈቅድ ወስዶ፣ የደራሲው መበለት ከስሳ፣ ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ተፈርዶ ነበር።

ትርጉሙን ራሱ የሚሠራ ሰው ሙሉውን ታሪክ በድምፅ ለማስነበብ እንዳይሞክር። ረጋ ባለ ንባብ በደቂቃ ከ80 እስከ 100 የአማርኛ ቃል ነው የሚሄደው፤ ለ7 ደቂቃ ፊልም ከ250 ቃል በላይ ከገባ ለልቡ ቦታ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ይህንኑ ታሪክ 8 ደቂቃ በማይሞላ አኒሜሽን ሲሠሩት ተዋናይ ጄምስ ሜሰን እንዲተርከው ያደረጉት በእጅጉ ከተቀነሰ ጽሑፍ ነው። ለልጆች ሥዕል የለመደው የእንግሊዝ የፊልም ምርመራም ለአዋቂ ብቻ ብሎ መደበው።

ከ250ው ቃል ውስጥ ከባዱ ምርጫ ማንም ልብ የማይለው ነው። በእንግሊዝኛ ገዳዩ ለሚሰማው ሰው የሚናገርበት ቃል አንድ ነው። በአማርኛ «አንተ» ካለ የእስር ቤት ጓደኛው ነው የሚሰማው፤ «እናንተ» ካለ ሕዝብ፤ «እርስዎ» ካለ ዳኛ ወይም ሐኪም። አንዱ ይመረጥና እስከ መጨረሻው ይያዝ፤ እኛ «እርስዎ»ን እንመርጣለን። ሽማግሌውንስ? ጽሑፉን የሚያዘጋጁ ወጣቶች ገዳይ ነውና «እሱ» ብሎ ይጥራቸው ይላሉ። አይጥራቸው። እንደሚወዳቸው የሚናገር፣ በየማለዳው «እንዴት አደሩ?» የሚል ልጅ ሲገድላቸውም፣ ሲቀብራቸውም፣ ጣውላውን ንቀሉት ሲልም «እሳቸው» ነው የሚለው። አክብሮቱ ካልተነካ ነው እብደቱ የሚታየው።

የመጨረሻውም ጩኸት እንደዚሁ ይሁን፦ «ጣውላውን ንቀሉት! እዚህ ጋ ነው! የሚመታው ልባቸው ነው!» «ልባቸው ነው» ሲባል የሰዓቱ ቀጭታ በዚያው ፍሬም ይቁም። ምስሉ በፖሊሶቹ ፊት ላይ ይቆይ፤ ከሽማግሌው ክፍል አስቀድሞ የተቀዳው ጸጥታ ለሦስት ሰከንድ ይሰማ፣ ከዚያ ፊልሙ ይለቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአጭር ፊልም ቀረጻና የድምፅ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ